ያለ መድፍ የተያዘች ከተማ
የጅቡቲ ከበባ፤ ከ1933 እስከ 1935 ዓ.ም.

«ከበባ» የሚለው ቃል «ከበበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በሰላም ጊዜ ሰዎች እሳት ከበው ይሞቃሉ፤ ልጆችም አያታቸውን ከበው ተረት ይሰማሉ። በጦርነት ጊዜ ግን ቃሉ መልኩን ይለውጣል። አንዱ ወገን በምሽግ ውስጥ ሲቀመጥ፥ ሌላው ወገን በዙሪያው ሰፍሮ መውጫና መግቢያ ሲያሳጣው፥ ይህ ነገር ከበባ ይባላል። ከበባ ያደረገ ሠራዊት መድፉን ባይተኵስም ጊዜ ይዋጋለታል፤ ግንቡን መስበር ቢያቅተው ጓዳውን ያራቍታል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ዓይነት ጦርነት ያውቀዋል። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ የሚባለው የኢጣልያ መኰንን ወታደሮቹን ይዞ በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ በተቀመጠ ጊዜ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ምሽጉን በግንባር ገፍቶ ለመያዝ አልሆነለትም ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ከተያዘ በኋላ ግን በምሽጉ ውስጥ የነበሩት በውሃ ጥም ተጨንቀው፥ በስምምነት ለቅቀው ወጡ። በዚያ ምሽግ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ናቸው፤ የጦርነትንም ዕጣ ዐውቀው ገብተውበታል። ዛሬ ለአንባብያን የምንተርከው ከበባ ግን አንዲት ከተማን ከነቤተ ሰቧና ከነሕፃናቷ የያዘ ነው። ይህችም ከተማ ጎረቤታችን ጅቡቲ ናት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከተማይቱና ጓዳዋ

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የቆመችበት ስፍራ ከባሕር ብቅ ያሉ የኮራል ድንጋይ ጉብታዎች ሲሆን፥ ጉብታዎቹ በሰው እጅ በተሠራ መንገድ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። ፈረንሳዮች በ1854 ዓ.ም. ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ፥ ሌዎንስ ላጋርድ የሚባሉት ገዥያቸው የጅቡቲ ወደብ ለመርከብ ማረፊያም ሆነ ከኢትዮጵያ ለሚወርደው የግመል ነጋዴ መንገድ የተሻለ መሆኑን ተመልክተው፥ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሲቱን ከተማ ማሠራት ያዙ።

ከተማይቱን ታላቅ ያደረጋት ግን የባቡር ሐዲድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፥ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ የሐዲዱም ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ በዚህ መንገድ ይወርዳል፤ የውጭ አገር ጨርቅና ብረታ ብረት በዚሁ መንገድ ይወጣል። በጅቡቲ መሐል ከተማ ያለው አደባባይም የምኒልክ አደባባይ ተባለ።

አሁን አንባቢ የከተማይቱን ጓዳ እንዲመለከትልን እንለምናለን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ዝናቡም ዓመቱን በሙሉ ተጠራቅሞ በአዲስ አበባ በአንድ የክረምት ወር ከሚዘንበው ያንሳል። በአምቡሊ ሸለቆ የሚገኙት ጕድጓዶች ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ይሰጣሉ፤ በዚያው የተተከሉት የአትክልት ቦታዎችም ጥቂት ተምርና ጥቂት ጎመን ያበቅላሉ፤ ለሕዝቡ ሁሉ ግን አይበቁም። ከከተማው ወጥቶ ጥቂት የሄደ ሰው የሚያገኘው ጥቍር ድንጋይ፥ እሾህና ጨው ነው። ስለዚህ ሩዙ፥ ዱቄቱና ስኳሩ በመርከብ፥ አትክልቱ፥ ፍራፍሬውና እህሉ ከሐረርና ከድሬዳዋ በባቡር፥ ወተቱና ሥጋው ደግሞ ከዘላኖቹ ከአፋሮችና ከሶማሌዎች ይመጣ ነበር። ይህም ማለት የጅቡቲ የቤት እመቤት ማጀት በሦስት በር የሚሞላ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ በሮች ሲዘጉ ምን እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

ምሽጉ በማን ላይ ተሠራ?

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 26 ቀንም «ኢንተርፕራይዝ» በምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ጕዞ ጀመሩ። በማግስቱ ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ያዙ። በዚያ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጅቡቲ ተጠግተው ነበር፤ ለእነርሱ ይህች ከተማ የአገራቸው የመጨረሻ ደጃፍ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ሁለት ጌታ ሆነበት። የባቡሩ ራስ በኢጣልያኖች፥ እግሩ በፈረንሳዮች እጅ ቀረ። ኢጣልያኖች ደግሞ ወደቡንም ለመያዝ እንደሚፈልጉ አልሸሸጉም። ኅዳር 21 ቀን 1931 ዓ.ም. በሮም ምክር ቤት ውስጥ እንደራሴዎቹ ተነሥተው ቱኒስን፥ ኮርሲካንና ሌላም የፈረንሳይ ግዛት ለኢጣልያ ይገባናል እያሉ ጮኹ፤ በጋዜጦቻቸውና በሰልፋቸውም የጅቡቲ ስም ተጠራ። ፈረንሳዮች ይህን ሰምተው በጅቡቲ ዙሪያ ምሽጉን አጠናከሩ፤ ከሴኔጋልና ከሌላው የምዕራብ አፍሪካ ግዛታቸው ያመጧቸውን ወታደሮችና ሶማሌዎችን በዚያ አሰለፉ። ጄኔራል ፖል ለዣንቲዮም የጦሩ አዛዥ ሆኑ። ምሽጉ የተሠራው ኢጣልያንን ለመከላከል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በኋላ ግን ከተማይቱን የከበባት ሌላ ነው።

በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጀርመኖች ፓሪስን ያዙ። ማርሻል ፔታን ከጀርመን ጋር ሰኔ 15 ቀን፥ ከኢጣልያ ጋር ሰኔ 17 ቀን የጦርነት ማቆሚያ ውል እንዲፈረም አደረጉ፤ መንግሥታቸውንም ቪሺ በምትባለው ከተማ አቆሙ። ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ውል ጅቡቲ ጦርና ምሽግ እንዳይኖራት፥ ኢጣልያኖችም በወደቧና በፈረንሳይ በኩል ባለው ሐዲድ እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ነበር። በለንደን የነበሩት ጄኔራል ደጎል በበኩላቸው ጦርነቱ አላለቀም ብለው ነጻ ፈረንሳይን አቋቋሙ። እንዲህ ሆኖ አንዲቱ ፈረንሳይ ለሁለት ተከፈለች። እያንዳንዱ የቅኝ ግዛት ገዥም ከሁለቱ አንዱን ይመርጥ ዘንድ ግድ ሆነበት።

በጅቡቲ ጄኔራል ለዣንቲዮም ከእንግሊዞች ጋር ሆነው መዋጋትን መረጡ፤ አብዛኞቹ መኰንኖችና ሹማምንት ግን አልተከተሏቸውም። ስለዚህ በሐምሌ ወር ማለቂያ ከተማይቱን ትተው ወደ እንግሊዞች ሄዱ። በ1932 ዓ.ም. ፍጻሜ ላይ ፒየር ኑዋየታ የሚባሉ ሰው ከቪሺ መንግሥት ተሹመው አገረ ገዥ ሆነው ሥራቸውን ጀመሩ። እኒህ ሰው ብርቱና ጨካኝ ነበሩ። ከእንግሊዝ ወይም ከነጻ ፈረንሳይ ጋር ይላላካሉ ተብለው የተጠረጠሩትን፥ ነጭም ሆነ ጥቍር፥ ወደ ኦቦክ እየላኩ አሳሰሩ።

ሦስቱ በሮች ተዘጉ

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያኖች የእንግሊዝን ሶማሌላንድ ወርረው በርበራን ያዙ። እንግሊዞች ወደ ኤደን ተሻገሩ። ኤደን ግን ከጅቡቲ በባሕር ከ250 ኪሎ ሜትር የማይርቅ ትልቅ የእንግሊዝ የጦር ወደብ ነበር፤ የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያም በእጃቸው ነበረ። ስለዚህ ከ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥተው በጦር መርከቦቻቸው ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ማናቸውንም መርከብ ማገድ ጀመሩ። የመጀመሪያው በር ተዘጋ።

የየብሱ በር ግን ገና ፈጽሞ አልተዘጋም ነበር። የተዘጋው ኢትዮጵያ ነጻ በወጣችበት ወራት ነው። በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. እንግሊዞችና አጋሮቻቸው በ7ኛው ቀን በርበራን፥ በ17ኛው ቀን ሐረርን፥ በ20ኛው ቀን ድሬዳዋን፥ በ28ኛው ቀን አዲስ አበባን ያዙ። ሚያዝያ 27 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ። ይህ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የደስታ ቀን ነበር፤ ዛሬም በየዓመቱ እናከብረዋለን። በዚያው ወራት ግን በሐዲዱ ማዶ ያለው የጅቡቲ ነዋሪ ባቡር የማይመጣበት ሰው ሆነ። በሰሜን ከኤርትራ ወሰን፥ በምዕራብ ከኢትዮጵያ ወሰን፥ በደቡብ ከሶማሌላንድ ወሰን፥ በምሥራቅ ከባሕሩ ላይ፥ በአራቱም ማዕዘን የቆሙት እንግሊዞች ሆኑ። የአንዱ ቤት ነጻነት ለሌላው ቤት ረኀብን ይዞ ሊመጣ መቻሉን ታሪክ ሲነግረን ማድመጥ ከባድ ነው፤ ቢሆንም መደመጥ ይገባዋል።

እንግሊዞች ለዚህ ሥራቸው ምክንያት ነበራቸው። በቪሺ እጅ ያለ ወደብ ለጠላት መርከብ መጠጊያ ይሆናል ብለው ይሠጉ ነበር፤ ደግሞም ሐዲዱንና ወደቡን ለሠራዊታቸው ማመላለሻ ይፈልጓቸው ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ዌቨል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ጅቡቲ ከጄኔራል ደጎል ጋር ብትሰለፍ እገዳው ይነሣል፤ እምቢ ብትል ግን ይጠብቃል አሉ። ይህንንም ቃል በወረቀት አትመው በአውሮፕላን በከተማው ላይ በተኑት።

አገረ ገዥው በበኩላቸው ሕጋዊ ነው ላሉት መንግሥት የገቡትን ቃል እጠብቃለሁ ባይ ነበሩ። በመልሳቸው በምግብ እጦት ስለሚሞቱት ሕፃናት ለእንግሊዞች ጻፉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ከከተማው እንዲወጡም ጠየቁ፤ ከተማይቱን ግን አላስረክብም አሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ከውጭ ያለው አዛዥ የሕፃናቱን ረኀብ እንደ መሣሪያ ይዞታል፤ ከውስጥ ያለው ገዥ የእነዚያኑ ሕፃናት ሞት እንደ መከራከሪያ ያቀርበዋል። ሁለቱም ስለ ሕፃናቱ ይናገራሉ፤ ለሕፃናቱ ግን እንጀራ የሚያቀርብላቸው የለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

በማጀት ውስጥ የሆነው

የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መርከብና ስለ ሻለቃ ጦር ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ድስትና ስለ ምጣድ የሚጽፉት ጥቂት ነው። እኛ ግን የዚህን ከበባ እውነተኛ የጦር ሜዳ በየቤቱ ማጀት ውስጥ እናገኘዋለን።

መጀመሪያ የጠፋው ትኩስ ነገር ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ። የሰው አካል ሎሚ፥ ብርቱካን፥ ቃሪያና ጎመን ከመሳሰሉት የሚያገኘውን ቪታሚን ሲ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ያህል ካጣ፥ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። ድዱ ያብጣል፥ ይደማል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል፤ ከብዙ ጊዜ በፊት የዳነ ቍስል እንደ ገና ይከፈታል። በዱሮ ዘመን ረዥም ጕዞ የሚያደርጉ መርከበኞች በሽታ ይህ ነበር። ጅቡቲም በየብስ ላይ ቆማ ሳለች፥ ወደብ ማየት እንዳቃታት መርከብ ሆነች።

ቀጥሎ የመጣው ቤሪቤሪ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው ገለባው ፈጽሞ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ብቻ ከሚበላ ሰው ላይ ነው፤ ቪታሚን ቢ አንድ የሚባለው የምግብ ኃይል የሚገኘው በገለባውና በእንቡጡ ዘንድ ነውና። በሽተኛው እግሩ ያብጣል፤ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ በመጨረሻም ልቡ ይደክማል። የከፋው ነገር ደግሞ ይህ በሽታ በእናት ጡት በኩል ሕፃኑን የሚጎዳ መሆኑ ነው። እናቲቱ ራሷ ገና ጤነኛ መስላ ሳለች፥ ወተቷ ይህ የምግብ ኃይል ስለሚጎድለው፥ የጥቂት ወራት ሕፃን በድንገት ሊሞትባት ይችላል። ልጇን አጠባሁት ብላ የምታስብ እናት እንዳላጠባችው ትሆናለች። መድኃኒቱ ውድ ነገር አልነበረም፤ ያልተፈተገ እህል፥ ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ጥቂት ሥጋ። ይህ ሁሉ በሐዲዱ ማዶ፥ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ በየገበያው ይሸጥ ነበር።

በከበባው ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ የተጎዳው የከተማው ድኻ ነው። ሠራዊትና ሹም በሚኖርበት ምሽግ ውስጥ ምግብ ሲያንስ፥ ጠመንጃ የያዘው መጀመሪያ፥ ጽሕፈት ቤት ያለው ቀጥሎ ይበላል፤ ለተሸካሚው፥ ለአጣቢዪቱና ለወላዷ የሚደርሰው የቀረው ነው።

በከበባው ውስጥ ያለፈው ሕዝብ ለዚያ ዘመን ያወጣለት ስም ሊታወስ የሚገባው ነው። «ካርሚ» አለው። ካርሚ በደኅና ጊዜ ለከብት የሚሰጥ የማሽላ ዓይነት ነው፤ ረኀቡ በጸና ጊዜ ግን ሰው በላው። ፈረንሳዮች በመዝገባቸው ስለ እገዳው፥ እንግሊዞች በመዝገባቸው ስለ ዘመቻው ይጽፉ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን የሁለቱንም ጌቶች ስም ትቶ፥ ዘመኑን በበላው ነገር ሰየመው። እኛም አገር ክፉ ቀን «ክፉ ቀን» ተብሎ፥ የገዥ ስም ሳይታከልበት ይታወሳል። የድኻ ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ባለ ቃል ነው።

የሸራ ጀልባዎች

ከበባው ግን ፈጽሞ ቀዳዳ የሌለው አልነበረም። ሳንቡክ የሚባሉት የዐረብ የሸራ ጀልባዎች በጨለማ እየተጓዙ፥ በኦቦክ በኩል ጥቂት እህል ያገቡ ነበር። የጦር መርከብ የሚንቀው ጥልቀት የሌለው ውሃ ለእነርሱ መንገድ ነበር። ከማዳጋስካር የተነሡ ጥቂት የፈረንሳይ መርከቦችም እንግሊዞችን አምልጠው ገብተዋል።

ከዚያም በሩቅ አገር የሆነ ነገር ለጅቡቲ እስትንፋስ ሰጣት። ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጃፓን በአሜሪካና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አነሣች። እንግሊዞች መርከቦቻቸውን ለምሥራቁ ባሕር ስለ ፈለጓቸው፥ ከሁለቱ በቀር ሌሎቹን ከጅቡቲ ፊት አነሡ። ከጥር እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ለስድስት ወር ያህል ሳንቡኮቹ እንደ ልብ ባይሆንም መመላለስ ቻሉ። በዓለም ካርታ ላይ ሺሕ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የመጣ የጦርነት ወሬ፥ በአንዲት እናት ቤት ውስጥ የአንድ ቍና እህል ትርፍ ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ የከፈለችው

ከበባው የጎዳው ጅቡቲን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሐዲድ ወደ ባሕር የሚያደርስ መሆኑ ቀርቶ፥ በራሱ ወሰን ላይ የሚቆም ሆነ። ኢጣልያኖች ሲሸሹ የአዋሽን ድልድይ ስላፈረሱ፥ በአገር ውስጥ ያለው መንገድም ቈስሎ ነበር። ለሠራዊቱ የሚያስፈልገው ዕቃ በበርበራ በኩል በመኪና፥ በብዙ ድካምና ወጪ መምጣት ነበረበት።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሉዓላዊነት ጕዳይ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ በአዲስ አበባ ውል ተፈራረሙ። በዚያ ውል ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ወሰን ጋር የሚዋሰነው 25 ማይል፥ ማለት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ያለው የኢትዮጵያ መሬት፥ እንዲሁም የባቡሩ ሐዲድ፥ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ተደረገ። ጅቡቲን ለመክበብ የቆመው ሠራዊት፥ የቆመበትን የኢትዮጵያ መሬትም በእጁ አቆየ ማለት ነው። የሐዲዱን አስተዳደር እንግሊዞች እንዲያስረክቡ የተወሰነው ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው በሁለተኛው ውል ነው። እንግዲህ የጎረቤትን በር ዘግቶ የራስን ቤት ሰላም ማድረግ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል?

በገብርኤል ቀን

የከበባው ፍጻሜ የመጣው ከሌላ ስፍራ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1934 ዓ.ም. እንግሊዞች በማዳጋስካር ደሴት፥ በዲዬጎ ስዋሬዝ ወደብ ወረዱ፤ እስከ ጥቅምት 1935 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስም ደሴቲቱን በሙሉ ያዙ። ለጅቡቲ ስንቅ የሚልክላት የመጨረሻው ወዳጅ ጠፋ። ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ አሜሪካኖችና እንግሊዞች በሞሮኮና በአልጄሪያ ወረዱ፤ የቪሺ መንግሥት በአፍሪካ ያለው ኃይል ተሰበረ።

በዚያው በጥቅምት ወር ኑዋየታ ተሽረው፥ ጄኔራል ዱፖን በምትካቸው ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ምሽጉ ከውስጥ መፍረስ ጀመረ። በኅዳር ወር ኮሎኔል ሬናል የሚባሉት መኰንን ከሴኔጋል ወታደሮች ከፊሉን ይዘው፥ ወሰኑን ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድ ገቡ፤ ለነጻ ፈረንሳይም አደሩ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1935 ዓ.ም. የነጻ ፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደሮች ወሰኑን ተሻግረው የሐዲዱን ድልድዮች ያዙ። የተቃወማቸው አልነበረም። ታኅሣሥ 19 ቀን ጄኔራል ዱፖን፥ የእንግሊዙ ጄኔራል ፎውክስና የነጻ ፈረንሳይ ተወካይ የማስረከቢያውን ውል ተፈራረሙ። ባያርዴል የሚባሉት ሹም አዲሱ አገረ ገዥ ሆኑ።

ታኅሣሥ 19 በእኛ አገር የቅዱስ ገብርኤል ቀን ነው። በሐዲዱ አቅጣጫ፥ በሐረርጌ ደጋ ላይ ባለችው በቍልቢ ምእመናን ስለታቸውን ሲያገቡ፥ በሐዲዱ ጫፍ ላይ ያለችው ከተማ ደጅ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በላይ የቆየ ከበባ በአንድ ወረቀት አለቀ። ግንቡን የመታው መድፍ አልነበረም፤ ምሽጉ እስከ መጨረሻው ቀን ቆሞ ነበር። የተያዘችው ከተማይቱ ነች፤ የወደቁት ግን በውስጧ የነበሩ ድኾች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ከዚህችው ከተራበች ከተማና ከአካባቢዋ የተመለመሉ የሶማሌ ወታደሮች በሻለቃ ጦር ተደራጅተው ወደ ፈረንሳይ ተላኩ፤ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ፥ ፖዋንት ደ ግራቭ በሚባለው ስፍራ የመሸጉትን ጀርመኖች ተዋጉ። ሁለቱ ፈረንሳዮች ሲጣሉ የተራበ ሕዝብ፥ ፈረንሳይን ነጻ ለማውጣት ደሙን አፈሰሰ። ራሱ ነጻ የወጣው ግን ከ32 ዓመት በኋላ፥ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ በምኒልክ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ዛሬ የዚያን ቀን ስም ይዟል።

ዛሬ በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል ያለው ትስስር ከዱሮው ይበልጥ የጠበቀ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ተመርቆ የአሮጌውን ሐዲድ ሥራ ተረከበ። ከኢትዮጵያም ወደ ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሄዳል፤ አትክልቱና ፍራፍሬውም እንደ ቀድሞው ይወርዳል። የብዙ ታላላቅ መንግሥታት ሠራዊትም በዚያች ትንሽ አገር ሰፍሮ ይገኛል፤ የፈረንሳይ፥ የአሜሪካ፥ የጃፓን፥ የኢጣልያና የቻይና። ባብ ኤል መንደብ ዛሬም ጠባብ ነው፤ ሁሉም ይፈልገዋል።

ስለዚህ ይህን ታሪክ ያለፈ ነው ብሎ መዝጋት አይገባም። አንድ ባለ ሥልጣን በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ «መንገዱ ይዘጋ» የሚል ትእዛዝ ሲፈርም፥ በፊቱ ያለው ካርታና ወረቀት ነው። መንገዱ ካለቀበት ስፍራ ግን ሁልጊዜ አንድ ማጀት አለ፤ በማጀቱም ውስጥ ድስቷን ጥዳ የምትጠብቅ ሴት አለች። የጅቡቲ ሰዎች ያን ዘመን «ካርሚ» ብለው የሰየሙት፥ ለጌቶች ክርክር ደንታ ስላልነበራቸው አይመስለንም። ክርክሩ ለእነርሱ የደረሳቸው በዚያ መልክ ስለ ነበረ ነው። ወረቀት የምንፈርም ሁሉ፥ ከመፈረማችን በፊት ይህችን አንዲት ቃል ብናስታውስ መልካም ነው እንላለን።